መዝገብ ያልያዘው ሥራ

የቅርጫት ኳስ ነገር በተነሣ ቁጥር በመኝታ ክፍላችን የሚነሣው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። «ማን ስንት አገባ?» ይባላል። አንዱ የሚወደውን ተጫዋች ነጥብ ይደምራል፣ ሌላው ለጨዋታ ብዛት ያካፍላል፣ ሦስተኛው ከላይኛው አልጋ ሆኖ «ኧረ ተዉን፣ ነገ ፈተና አለብን!» ይላል። እኛም ብዙ ጊዜ ከደማሪዎቹ ወገን ነን። አይፈረድብንም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በነጥብ ስንለካ፣ በነጥብ ስንወድቅና በነጥብ ስናልፍ ያደግን ነንና ሰውን ሁሉ በዚያው ሚዛን ለመስፈር እንቸኩላለን።

ዳሩ ግን ይህን ሚዛናችንን የሚያበላሽ አንድ ሰው አለ። ሙሉ ስሙ ዊልያም ፌልተን ራስል ነው፤ ዓለም ያወቀው ግን ቢል ራስል በሚለው ነው። ይህ ሰው በአሜሪካ ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር፣ በተለምዶ ኤን.ቢ.ኤ. በሚባለው ውስጥ፣ 13 ዓመት ተጫውቶ 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። በማኅበሩ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ዋንጫ የወሰደ ተጫዋች የለም። ታዲያ አማካይ ነጥቡ ስንት ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በአንድ ጨዋታ 15 ነው። 15 ብቻ! በዘመኑ ከእርሱ በላይ፣ ያውም እጥፉን የሚያገቡ ነበሩ። እንግዲህ እኛን ብዕር ያስነሣን ጥያቄ ይኸው ነው፤ ነጥቡ ካልሆነ አሥራ አንዱን ዋንጫ ያመጣው ምንድን ነው? መዝገቡስ ለምን አልያዘውም?

(ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

፩

ራስል የተወለደው በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1934 በሉዊዚያና ግዛት፣ በሞንሮ አካባቢ ነው። ያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ጥቁርና ነጭ በሕግ የተለያዩበት ዘመን ነበር፤ ትምህርት ቤቱ፣ አውቶቡሱ፣ የውሃ መጠጫው ሳይቀር ለየብቻ። አባቱ ቻርልስ አንድ ቀን ቤንዚን ሊያስቀዳ ቆሞ፣ ነጮቹ ሁሉ ሳይስተናገዱ አይደርስህም ተባለ። ትቶ ሊሄድ ሲነሣ ቀጂው ጠመንጃ ደቅኖ አስቆመው። እናቱ ኬቲ ደግሞ አምራ ለብሳ ከተማ ብትወጣ ፖሊስ አስቁሞ፣ የለበስሽው የነጭ ሴት ልብስ ነውና ቤትሽ ገብተሽ አውልቂው ብሎ አዋረዳት። እናት እያለቀሰች ተመለሰች። ይህንን በሕፃንነቱ ያየና የሰማ ልጅ፣ ካደገ በኋላ ለምን ለሰው ሁሉ አይስቅም ብሎ መጠየቅ ትንሽ ያሳፍራል።

ስምንት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ እንደ ሌሎች ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች በጦርነቱ ጊዜ የተከፈተውን ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ፣ ካሊፎርኒያ ወደምትገኘው ኦክላንድ ከተማ ተሰደደ። ኑሮው የድኻ ኑሮ ነበር። 12 ዓመት ሲሞላው እናቱ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ መጠጊያው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ከባርነት ተነሥቶ በሃይቲ የነገሠውን የአንሪ ክሪስቶፍን ታሪክ ያገኘው እዚያ ነው። የሚካኤል አንጄሎንና የዳቪንቺን ሥዕሎች ቅጂም እየተዋሰ ቤቱ ይወስድና፣ መስመር በመስመር አጥንቶ፣ ሳያይ በሐሳቡ መልሶ ለመሳል ይሞክር ነበር። ሥዕሉ አልሆነለትም። ግን በሐሳብ ማየትን ለመደ፤ ኋላ የሌላውን ተጫዋች እንቅስቃሴ አንዴ አይቶ በአእምሮው ደጋግሞ የሚያጫውት ሰው ወጣው።

ጎበዝ ተጫዋች ነበር እንዳትሉ፤ አልነበረም። ማክሊሞንድስ በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከቡድን ሊቀነስ ለጥቂት ነው የተረፈው። ጆርጅ ፓውልስ የተባለው አሠልጣኝ ለታዳጊው ቡድን 15 ልብስ እያለው 16 ልጅ ያዘ። አሥራ ስድስተኛው ራስል ነበር። ስለዚህ ከሌላ ልጅ ጋር አንዱን ማልያ በፈረቃ ይለብሱት ነበር። ምን አለፋችሁ፣ በኋላ ከማንም በላይ ዋንጫ የሚያነሣው ሰው ያን ጊዜ ለራሱ የሚሆን ማልያ እንኳ አልነበረውም።

፪

ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ የነፃ ትምህርት ዕድል የሰጠው አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው፤ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ። አነስተኛ የካቶሊክ ተቋም ነበር፤ የራሱ የሆነ የጨዋታ አዳራሽ እንኳ አልነበረውም። እዚያ ኬ.ሲ. ጆንስ ከሚባል ተማሪ ጋር አንድ ክፍል ገባ። ሁለቱ ማታ ማታ ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ ኳሱ ከዚህ ቢወረወር ወዴት ይነጥራል፣ ሰውየው እንዲህ ቢዞር በየት በኩል ይመጣል እያሉ። እንደኛ የመደመር ክርክር እንዳይመስላችሁ፤ የነሱ ክርክር ጂኦሜትሪ ነበር።

በዚያን ጊዜ አሠልጣኝ ሁሉ የሚያስተምረው አንድ ሕግ ነበር፤ ጥሩ ተከላካይ እግሩን ከመሬት አያነሣም የሚል። ራስል ግን ይዘላል። መዝለል ብቻም አይደል፤ በ1956 በከፍታ ዝላይ ውድድር 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር የዘለለ ሰው ነበር። አሠልጣኙ ፊል ዉልፐርት መጀመሪያ ነገሩን አልወደደውም፤ ውጤቱን ሲያይ ግን ዝም አለ። ዩኒቨርሲቲው በ1955ና በ1956 በተከታታይ የአገሪቱ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፤ ራስል እያለ 55 ጨዋታ ያለ ሽንፈት ተጓዘ። ከመጀመሪያው ዋንጫ በኋላ የኮሌጅ ጨዋታ ሕግ አውጪዎች ተሰብስበው ከቅርጫቱ ሥር ያለውን ክልል ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ አሰፉት፤ ረጅም ሰው ከቅርጫቱ አጠገብ እንዳይቆም ብለው። አንድ ተማሪ በልጦ ስለተገኘ ፈተናው ተለወጠበት ማለት ነው። እርሱ ግን በተለወጠውም ፈተና አለፈ።

ከዚያ ዘመን አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳናነሣ አናልፍም። በ1954 መጨረሻ ቡድኑ ለውድድር ኦክላሆማ ሲቲ ሲደርስ የከተማው ሆቴሎች ጥቁሮቹን ተጫዋቾች አንቀበልም አሉ። ነጮቹ ጓደኞቻቸው ጥለዋቸው ወደ ሆቴል አልገቡም። ቡድኑ በሙሉ ለዕረፍት በተዘጋ የኮሌጅ መኝታ ቤት አብሮ አደረ። መዝገብ የሚይዘው የውድድሩን ውጤት ነው፤ ያንን ሌሊት ግን በየትኛው ዓምድ ይጽፈዋል?

፫

በ1956 ቦስተን ሴልቲክስ የተባለው ቡድን አንድ ነባር ኮከብና አንድ ተስፋ የተጣለበት ወጣት፣ ኤድ ማኮሊንና ክሊፍ ሄገንን ለሴይንት ሉዊስ ሰጥቶ ራስልን የሚያገኝበትን ዕድል ገዛ። የቦስተኑ አሠልጣኝ ሬድ አወርባክ ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። ቡድኑ የሚያገባ ሰው አላነሰውም፤ ቦብ ኩዚን የመሰለ ኳስ አቀባይም ነበረው፤ ያነሰው ኳሱን የሚያመጣለት ሰው ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ዋንጫ አላየም።

ራስል ወዲያው አልመጣም። መጀመሪያ ወደ ሜልቦርን ኦሊምፒክ ሄደ፤ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችበት ያው ሜልቦርን ነው። በፍጻሜው አሜሪካ ሶቭየት ኅብረትን 89 ለ55 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። ራስል ወርቁን ይዞ በዲሴምበር ቦስተን ገባ። በዚያው የጨዋታ ዘመን መጨረሻ፣ በ1957፣ ሴልቲክስ ሴይንት ሉዊስን በሰባተኛው ጨዋታ፣ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጫውቶ፣ 125 ለ123 አሸነፈ። ጀማሪው ራስል በዚያ ቀን 19 ነጥብ አገባ፤ ከቅርጫቱ ነጥሮ የሚመለሰውን ኳስ ግን 32 ጊዜ ሰበሰበ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከእርሱ በፊት ረጅም ተከላካይ ኳስ ሲያግድ ምን ያደርግ ነበር? በመዳፉ ሙሉ ይመታና ተመልካች መሐል ይልከዋል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሰውየው ደረቱን ይነፋል፤ ኳሱ ግን ከመስመር ስለወጣ ተመልሶ ለተቃራኒው ቡድን ይሰጣል። ጭብጨባ እንጂ ትርፍ የለውም። ራስል ይህን ተወ። ኳሱን በጣቱ ጫፍ ነክቶ፣ አቅጣጫውን አስቶ፣ በሜዳው ውስጥ ያስቀረዋል፤ ሲሆንለትም በቀጥታ ለጓደኛው ያቀብለዋል። ኩዚ ወይም ኬ.ሲ. ጆንስ ይቀበልና ይሮጣል፤ ተቃራኒው ቡድን ዞር ከማለቱ በፊት ኳሱ በወዲያኛው ቅርጫት ገብቷል። መዝገቡ ላይ ነጥቡ የሚጻፈው ላገባው ነው። አንድ እጅም ላቀበለው ይጻፋል። ያገደውስ? ለእርሱ ዓምድ አልተሠራም።

ደግሞም ያገደው ብቻ አይደለም፤ ሳያግድ ያስቀረውም አለ። ተቃራኒው ተጫዋች ወደ ቅርጫቱ ሲገሰግስ ራስልን ያስባል፤ ሲያስብ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ኳሱን ከለመደው ከፍ አድርጎ ይወረውራል፣ ወይም ጨርሶ ሳይወረውር ይመለሳል። የቦስተን ጓደኞቹም ከኋላቸው እርሱ እንዳለ ስለሚያውቁ ደፍረው ኳስ ለመንጠቅ ይሽቀዳደማሉ፤ ቢያመልጣቸውም ከኋላ ዘብ አለ። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ግን በየትኛው ቁጥር ይገለጻል?

ይገርማችኋል፣ ኤን.ቢ.ኤ. የታገደ ኳስን በይፋ መቁጠር የጀመረው በ1973–74 የጨዋታ ዘመን ነው። ራስል ከጨዋታ የተሰናበተው በ1969 ነው። ስለዚህ በጨዋታው ታሪክ ኳስ በማገድ ስመ ጥር የሆነው ሰው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ያገደው ኳስ ብዛት አንድም የለም። ዜሮም አይባልም፤ ባዶ ቦታ ነው። እኛ ይህን ባዶ ቦታ ከማናቸውም ቁጥር ይልቅ ስናሰላስለው ሰነበትን።

የተቆጠረውንም እንንገራችሁ፤ መደመር የሚወድ አይቅርበት። በ963 ጨዋታ 21,620 ነጥሮ የተመለሰ ኳስ ሰብስቧል፤ በአማካይ 22 ከግማሽ መሆኑ ነው። በ1960 በአንድ ጨዋታ 51 ሰብስቧል። አምስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ በ1958፣ በ1961፣ በ1962፣ በ1963ና በ1965። አሥራ ሁለት ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል። ሁለቱ ቡድኖች ሦስት ሦስት ተሸናንፈው ነገሩ በሰባተኛ ጨዋታ በሚቆረጥበት ቀን አሥር ጊዜ ተሰልፎ አሥሩንም አሸንፏል።

፬

ዋንጫዎቹ እንዲህ መጡ። በ1957 የመጀመሪያው። በ1958 በፍጻሜው ሦስተኛ ጨዋታ ላይ ራስል ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳና ዋንጫው ለሴይንት ሉዊስ ሆነ። ከ1959 እስከ 1966 ግን በተከታታይ ስምንት ዓመት ቦስተንን የሚነቀንቅ ጠፋ። በ1967 ፊላደልፊያ ገታው። በ1968ና በ1969 እንደገና ቦስተን።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከፊቱ የቆመው ትልቁ ሰው ዊልት ቻምበርሊን ነበር። ዊልት ማለት በ1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያገባ፣ በዚያው የጨዋታ ዘመን በአማካይ ከ50 በላይ ያስመዘገበ ሰው ነው። ጉልበቱ፣ ቁመቱ፣ ቁጥሩ፣ ሁሉም ከራስል ይበልጣል። ሁለቱ ከ140 ጊዜ በላይ ተገናኝተዋል። ብዙውን ጊዜ ነጥቡን የሚወስደው ዊልት ነው፤ ጨዋታውን የሚወስደው ራስል ነው። በመጨረሻ ዊልት በሁለት ዋንጫ ሲሰናበት ራስል በአሥራ አንድ ተሰናበተ።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን የሰነዘረውን ተቃውሞ መደበቅ አንፈልግም። «ራስል ሲጀምር በሊጉ የነበሩት ቡድኖች ስምንት ብቻ ነበሩ፤ ከስምንት አንደኛ መውጣትና ከሠላሳ አንደኛ መውጣት አንድ ነው እንዴ?» አለን። ደግሞም «ዊልት ብቻውን ነበር፤ ራስል ግን ኩዚ፣ ሳም ጆንስ፣ ሄንሶን፣ ሃቭሊቼክ አሉለት» ሲል ጨመረ። እውነት ነው፤ ቡድኖቹ ስምንት ነበሩ፤ በመጨረሻው ዓመቱ 14 ደርሰዋል። ጓደኞቹም ጎበዞች ነበሩ። ግን ለተቃዋሚያችን ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ ቡድን ሲያንስ ጎበዝ ሁሉ በጥቂት ቦታ ይታጨቃልና ዊልትን የመሰለ ባላጋራ በዓመት ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ሁለተኛ፣ በእነዚያ 13 ዓመታት የቦስተን ተጫዋቾች ተለዋውጠዋል። ኩዚ በ1963 ሄደ፣ ሄንሶን በ1965 ሄደ፣ አወርባክ ራሱ በ1966 ከአሠልጣኝነት ወረደ። በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ዋንጫ ላይ ሜዳ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ቢኖር ራስል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። ዊልት ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን ተሸከመ፤ ራስል አከፋፈለው።

፭

የሜዳውን ነገር ይህን ያህል ካልን፣ ከሜዳው ውጭ የነበረውን ብንዘል ታሪኩ ግማሽ ይሆናል።

ቦስተን ዋንጫ በዋንጫ ሲሆን አዳራሹ ብዙ ጊዜ አይሞላም ነበር፤ በዚያው አዳራሽ የሚጫወተው የበረዶ ሆኪ ቡድን እየተሸነፈ እንኳ ከነሱ በላይ ሰው ይሰበስብ ነበር። ራስል ሬዲንግ በምትባል የከተማዋ ዳርቻ ቤት ገዝቶ ይኖር ነበር። ሌቦች ቤቱን ሰብረው ገቡ፤ ዋንጫዎቹን ሰባበሩ፣ ግድግዳው ላይ የዘር ስድብ ጻፉ፣ አልጋው ላይ ተጸዳዱ። እንግዲህ ይህ የሆነው ለከተማይቱ ከማንም በላይ ክብር ላመጣላት ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የምጫወተው ለሴልቲክስ እንጂ ለቦስተን አይደለም ቢል ማን ይፈርድበታል?

በ1961 ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ ሄደ። ሳም ጆንስና ቶም ሳንደርስ ባረፉበት ሆቴል ምግብ ሊበሉ ቢቀመጡ ጥቁር አናስተናግድም ተባሉ። ራስልና ጥቁሮቹ ጓደኞቹ ተመካከሩና በዚያች ከተማ አንጫወትም ብለው ሻንጣቸውን ይዘው ተመለሱ። ጨዋታው ያለ እነርሱ ተካሄደ። ዛሬ ስናነበው ቀላል ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን እንጀራን አሳልፎ መስጠት ነበር።

በ1964 ደግሞ በቦስተን የኮከቦች ጨዋታ ሊካሄድ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ቴሌቪዥኑ ለመላው አገር ሊያስተላልፍ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ተጫዋቾቹ ከልብስ መቀየሪያው አንወጣም አሉ። የጠየቁት የጡረታ መብት ነበር። የማኅበራቸው መሪ ቶም ሄንሶን፣ ነጭ ነው፤ ራስል፣ ኦስካር ሮበርትሰንና ሌሎቹ ጥቁር ናቸው፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም ሠራተኞች ነበሩ። ባለቤቶቹ አስፈራሩ፣ ተቆጡ። በመጨረሻ የማኅበሩ ኃላፊ ዋልተር ኬኔዲ ቃል ሰጠና ዘግይተው ወጡ። ዛሬ የቅርጫት ኳስ ባለሙያ ሲያረጅ የሚያገኘው ጡረታ ሥሩ ከዚያች ምሽት ይጀምራል። ይህንንስ በየትኛው ዓምድ እንጻፈው?

በዚያው በ1964 ዲሴምበር 26 ቀን ሴልቲክስ በማኅበሩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድነት አሰልፎ ጨዋታ ጀመረ፤ ራስል፣ ሳም ጆንስ፣ ኬ.ሲ. ጆንስ፣ ሳንደርስና ዊሊ ናውልስ። አወርባክ ታሪክ ልሥራ ብሎ አልነበረም፤ አንዱ ተጎድቶ የሚሻለውን ሲያስገባ ነው። አንዳንድ ጊዜ ታሪክ እንዲህ ሳይጮኽ ያልፋል።

የሲቪል መብት ታጋዩ ሜድጋር ኤቨርስ በ1963 በሚሲሲፒ በጥይት ከተገደለ በኋላ፣ ወንድሙ ቻርልስ ኤቨርስ ራስልን ጠራው። ሄደ። ነፍሰ ገዳይ በሚዞርበት አገር ጥቁርና ነጭ ልጆችን በአንድ ሜዳ ሰብስቦ የቅርጫት ኳስ አስተማረ። በ1967 ቦክሰኛው መሐመድ ዓሊ ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም ብሎ ሲከሰስ፣ ክሊቭላንድ ላይ ከጎኑ ከቆሙት ታዋቂ ስፖርተኞች አንዱ ራስል ነበር። ከአፍሪካም ጋር ነገር ነበረው፤ በላይቤሪያ የጎማ ዛፍ እርሻ ገዝቶ ሞክሯል፣ ንግዱ ባይሳካለትም፤ ልጁንም በኬንያው መሪ ስም ኬንያታ የሚል ስም ጨምሮላታል።

፮

በ1966 አወርባክ ሲወርድ ቦታውን ለራስል ሰጠው። በኤን.ቢ.ኤ. የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆነ፤ ያውም እየተጫወተ። በመጀመሪያው ቀን ጋዜጠኞች ካነሡለት ጥያቄ አንዱ፣ ጥቁር ሆነህ ነጮቹን ያለ አድልዎ ልትመራ ትችላለህ ወይ የሚል ነበር። ከእርሱ በፊት ለነበሩት ነጭ አሠልጣኞች ይህ ጥያቄ በመስቀለኛው ተገልብጦ ቀርቦላቸው እንደሆነ አላነበብንም።

የመጀመሪያው ዓመት ሽንፈት ሆነ። «ጀግናው አለቀለት» ተባለ። በ1968 በኤፕሪል 4 ቀን ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደለ፤ በማግሥቱ ቦስተንና ፊላደልፊያ ልባቸው ተሰብሮ ሜዳ ገቡ። ፊላደልፊያ 3 ለ1 መርቶ ሳለ ቦስተን ሦስቱን ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ አለፈ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። አንድ ጥቁር አሠልጣኝ ዋንጫ ያነሣው ያን ጊዜ መጀመሪያው ነው።

በ1969 ራስል 35 ዓመቱ ነበር፤ ጉልበቱ ደክሟል። ቡድኑ በምሥራቁ ክፍል አራተኛ ሆኖ ነው ለፍጻሜ ውድድሮች የደረሰው። በፍጻሜው የገጠመው ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጄሪ ዌስት፣ ኤልጂን ቤይለር፣ ከሁሉም በላይ ዊልት ቻምበርሊን ነበሩት። ሰባተኛው ጨዋታ በሎስ አንጀለስ ሆነ። የሌከርስ ባለቤት ድሉን እርግጠኛ ሆኖ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ፊኛ አሰቅሎ ነበር፤ ሲያሸንፉ እንዲወርድ። ቦስተን 108 ለ106 አሸነፈ። ፊኛው እንደተሰቀለ ቀረ። «ሳይወለድ ስም አወጡለት» የምንለው ይኸን ነው።

በዚያ የመጨረሻ ጨዋታው ራስል ያገባው 6 ነጥብ ነው። ስድስት! የሰበሰበው ኳስ ግን 21 ነው። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች» የሚል ሽልማት ተቋቋመ፤ የተሰጠውም ከተሸነፈው ቡድን ለጄሪ ዌስት ነው። ዌስት ይገባዋል፤ ድንቅ ተጫውቷል። ነገር ግን አሥራ አንድ ጊዜ የፍጻሜውን ድል የቀመሰው ሰው ያን ሽልማት በሕይወቱ አንድም ቀን ሳያገኝ ተሰናበተ። በ2009 ሽልማቱ ራሱ በስሙ ተሰየመ። ያላገኘውን ነገር ስሙ ሆነ።

፯

ሰውየውን መልአክ አድርገን ብንጽፍ ዋሾዎች እንሆናለን። ራስል ለአድናቂ ፊርማ አይሰጥም ነበር፤ ብዙ ሰው ትዕቢተኛ ይለው ነበር። ከዚያ ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ለተማሪዎች ባደረገው ንግግር፣ ዊልት በጉዳት ምክንያት ከሜዳ መውጣቱን ነቀፈ። ወዳጅነታቸው ተበጠሰ፤ ከ20 ዓመት በላይ ሳይነጋገሩ ኖሩ። በኋላ ራስል ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ታረቁ። አሠልጣኝ ሆኖም ሁልጊዜ አልቀናውም። ሲያትልን ከ1973 እስከ 1977 ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ውድድር አደረሰው፤ ሳክራሜንቶን በ1987 ይዞ ግን 17 አሸንፎ 41 ተሸንፎ ተነሣ። ምክንያቱን እኛ እንዲህ እንገምታለን፤ ለሌሎቹ ቡድኖች ያልነበራቸው አንድ ተጫዋች ነበር፤ እርሱም ራስል ነው።

ክብርን በተመለከተ ግን ነገረ ሥራው ልዩ ነው። በ1972 የማልያ ቁጥሩ 6 በቦስተን አዳራሽ ሲሰቀል ሕዝብ ከመግባቱ በፊት፣ የድሮ ጓደኞቹ ብቻ ባሉበት ይሁን አለ። በ1975 ወደ ቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ሲመረጥ አልቀበልም አለ። 44 ዓመት ቆየ። በ2019 በመጨረሻ የክብር ቀለበቱን በጓዳ ተቀበለ። ምክንያቱ ምንድን ነው? በ1950 በኤን.ቢ.ኤ. ቡድን ለመመረጥ የመጀመሪያው ጥቁር የሆነው ቻክ ኩፐር በዚያ ዓመት ወደ አዳራሹ ገባ። ራስል ከእኔ በፊት ሊገቡ የሚገባቸው አሉ ባይ ነበር። ወረፋ ጠበቀ ማለት ነው። አባቱ በቤንዚን ማደያ በግድ የተጠበቀውን ወረፋ ልጁ በፈቃዱ ለሌላው ሰው ጠበቀ።

በ2011 ፕሬዝዳንት ኦባማ የነፃነት ሜዳልያ አጠለቁለት። በጁላይ 31 ቀን 2022፣ በ88 ዓመቱ አረፈ። በቀጣዩ ወር ኤን.ቢ.ኤ. ቁጥር 6 በየትኛውም ቡድን ዳግመኛ ለአዲስ ተጫዋች እንዳይሰጥ ወሰነ፤ በማኅበሩ ሁሉ እንዲህ የተደረገለት እርሱ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ወደ መኝታ ክፍላችን እንመለስ። ዛሬ ማታም ክርክሩ መነሣቱ አይቀርም፤ ማን ስንት አገባ ይባላል። እኛም እንደልማዳችን እንደምራለን፤ አንዋሽም። ግን ስንደምር፣ በየቡድናችንና በየክፍላችን ኳሱን ያገደ፣ ያቀበለ፣ ማልያውን ያካፈለ፣ ሆቴል ሲከለከል ጓደኛውን ትቶ ያልገባ ሰው አለ ወይ ብለን ዞር ብለን እንይ። ማስታወሻውን ለታመመ ጓደኛው በእጁ የገለበጠ ልጅ በመጨረሻው ውጤት ሰሌዳ ላይ ያ ሥራው አይጻፍለትም። ሰሌዳው ዓምድ የለውም። ኤን.ቢ.ኤ. ዓምዱን የሠራው ሰውየው ከሄደ ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ እኛ እንኳ ሰውየው ሳይሄድ ብንጀምር።